ሩዶልፍ ቪርኾ፦ የማዮማን መነሻ በራሳችን ጡንቻ ውስጥ ያገኘው ሐኪም

በአልትራሳውንድ ምርመራ ማህፀንዎ ውስጥ ማዮማ እንዳለ ተነግሮዎት ከሆነ፣ ወይም እናትዎ፣ እህትዎ አልያም ባለቤትዎ ይህን ቃል ከሐኪም ሰምተው ተጨንቀው ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት እጋብዝዎታለሁ።

በጠቅላላ ሐኪምነት ስሠራ፣ ማዮማ የተገኘባቸው ሴቶች ስለ ሕክምናው ከመጠየቃቸው በፊት ዕጢው ከየት እንደመጣባቸው ይጠይቁኛል። አንዳንዷ ብርድ መትቷት እንደሆነ ታስባለች። ሌላዋ የወሊድ መከላከያ በመውሰዷ ራሷን ትወቅሳለች። ልጅ ሳትወልድ የቆየችዋ ደግሞ እንደ ቅጣት የምትቆጥርበት ጊዜ አለ። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ራስን መውቀስ ነው። ራሷን የምትወቅስ ሴት አፍራ ዝም ትላለች፤ ደሟ እየፈሰሰም ወራትና ዓመታት ያልፋሉ።

ዕጢ ከየት ይመጣል የሚለውን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገ አንድ ሐኪም ነበር። ስሙ ሩዶልፍ ቪርኾ ይባላል። ማዮማ ከውጭ የገባ ባዕድ ነገር ሳይሆን ከራሱ ከማህፀን ጡንቻ የሚነሳ መሆኑን በማይክሮስኮፕ ካሳዩት ሐኪሞች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። የጀመረው ጥያቄ ዛሬ ኤፒጄኔቲክስ በሚባለው የጥናት ዘርፍ ቀጥሏል። ሕይወቱን እንመልከት፤ ከዚያ ወደ እርስዎ ጉዳይ እንመለሳለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቪርኾ ኦክቶበር 13 ቀን 1821 በፕሩሺያ መንግሥት፣ በፖሜራኒያ ግዛት፣ ሺፈልባይን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ስትሆን ሽቪድቪን ትባላለች። አባቱ ገበሬና የከተማዋ ገንዘብ ያዥ ነበር። ለወላጆቹ አንድያ ልጅ ነው። በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር ሰባኪ የመሆን ሐሳብ ነበረው፤ ነገር ግን ድምፁ ለስብከት እንደማይበቃ ስላመነ ወደ ሕክምና አዘነበለ።

በ1839 በርሊን ወደሚገኝ የጦር ሠራዊት የሕክምና ተቋም ገባ። ተቋሙ አቅም የሌላቸውን ጎበዝ ወጣቶች በነፃ አስተምሮ ለሠራዊቱ ሐኪም ያደርጋቸው ነበር። በ1843 ተመርቆ ሻሪቴ በተባለው ታላቅ የበርሊን ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። ሥራው የሞቱ ሕሙማንን አስከሬን መርምሮ የሞታቸውን ምክንያት መፈለግ ነበር።

ገና በ24 ዓመቱ፣ በ1845፣ ደሟ ከልክ በላይ በነጭ የደም ህዋሳት የተሞላ አንዲት ሟች ሕመምተኛን መርምሮ ሁኔታውን በጽሑፍ አወጣ። በኋላም በሽታውን ሉኬሚያ ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ የደም ካንሰር የምንለው ነው። በዚያው ዘመን በእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ በደም ዝውውር ወደ ሳንባ ሊሄድና መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል አሳየ። ዛሬ የማህፀን ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሴት ቶሎ ከአልጋዋ ተነስታ እንድትራመድ የምንመክረው ከዚህ ዕውቀት በመነሳት ነው።

በ1847 ከጓደኛው ከቤኖ ራይንሃርት ጋር የሕክምና መጽሔት አቋቋመ። አንጋፋ መጽሔቶች የወጣት ሐኪሞችን ጽሑፍ ለመቀበል ሲያመነቱ እነሱ የራሳቸውን ከፈቱ። መጽሔቱ በቪርኾ ስም እስከ ዛሬ ድረስ ይታተማል።

የ1848 ወረርሽኝ

በ1848 መጀመሪያ ላይ የፕሩሺያ መንግሥት ቪርኾን ወደ ላይኛው ሳይሌዥያ ላከው። በዚያ አብዛኛው ፖላንድኛ ተናጋሪ የሆነ ድሃ ሕዝብ በረሃብ ላይ የታይፈስ ወረርሽኝ ተጨምሮበት እያለቀ ነበር። የ26 ዓመቱ ሐኪም ሦስት ሳምንት ያህል በየመንደሩ እየዞረ ሕሙማንን ተመለከተ፤ ቤታቸውን፣ ምግባቸውን፣ የመሬት ይዞታቸውንና ትምህርት ቤቶቻቸውን ሁሉ መዘገበ።

መንግሥት የሚጠብቀው ስለ መድኃኒትና ስለ ንጽህና የሚያወሳ ዘገባ ነበር። ቪርኾ ግን የበሽታው ሥር ድህነት፣ የትምህርት እጦትና ሕዝቡን የዘነጋ አስተዳደር መሆናቸውን ጻፈ። መፍትሔ ብሎ ያቀረበውም ሕዝቡ በቋንቋው እንዲማር፣ ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር፣ መንገድ እንዲሠራለት፣ ግብርናው እንዲሻሻልና የግብር ጫናው ፍትሐዊ እንዲሆን ነው። አንድ ሐኪም በሽታን ሲመረምር የሕመምተኛውን ኑሮ ጭምር መመርመር አለበት የሚለውን እምነቱን ከዚህ ጉዞ በኋላ አልተወውም።

ወደ በርሊን በተመለሰ በቀናት ውስጥ አብዮት ፈነዳ፤ እሱም ከሕዝቡ ጋር ሆኖ መንገድ በመዝጋት ተሳተፈ። የሕክምና አገልግሎት እንዲሻሻል የሚሟገት ሳምንታዊ ጋዜጣም ከባልደረባው ጋር ማዘጋጀት ጀመረ። አብዮቱ ሲከሽፍ በ1849 ከሻሪቴ ቦታው ተነሳ።

ሁሉም ህዋስ ወላጅ አለው

በርሊን የገፋችውን ሰው በደቡብ ጀርመን የምትገኘው ቩርዝቡርግ ተቀበለችው፤ በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1850 ሮዘ ማየርን አገባ፤ ስድስት ልጆችም ወለዱ። የሮዘ አባት ካርል ማየር በርሊን ውስጥ የታወቀ የማህፀንና የወሊድ ሐኪም ሲሆን፣ የከተማዋን የማህፀንና የወሊድ ሐኪሞች ማኅበር የመሠረተ ሰው ነው። ቪርኾም የዚህ ማኅበር አባል ነበር። ስለዚህ የሴቶች ሕመም ለእሱ ከቤተሰቡም ከሥራውም የራቀ ጉዳይ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች በሽታ የሚመጣው የሰውነት ፈሳሾች ሲበላሹ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ዕጢም ቢሆን ቅርጽ ከሌለው ፈሳሽ ውስጥ፣ ጨው ከውሃ ውስጥ እንደሚረጋ ሁሉ፣ በራሱ ጊዜ የሚፈጠር ይመስላቸው ነበር። ቪርኾም በወጣትነቱ ከዚህ አስተሳሰብ ነፃ አልነበረም። በማይክሮስኮፕ ያየው ነገር ግን ሐሳቡን አስለወጠው። በ1855 እያንዳንዱ ህዋስ ከሌላ ቀዳሚ ህዋስ ብቻ እንደሚወለድ አስታወቀ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መነገር አለበት። ሮበርት ሬማክ የተባለ አይሁዳዊ ተመራማሪ ህዋሳት በመከፋፈል እንደሚባዙ ከቪርኾ ቀደም ብሎ በጽሑፍ አሳይቷል። ሬማክ በሃይማኖቱ ምክንያት በፕሩሺያ ዩኒቨርሲቲዎች ተገቢውን ማዕረግ ተነፍጎ የኖረ ሰው ነው። ዝናው ለቪርኾ ሆነ፤ ቪርኾም ለሬማክ የሚገባውን ምስጋና በጊዜው አልሰጠውም።

በ1856 በርሊን ያባረረችውን ሰው መልሳ ጠራችው፤ የራሱ የፓቶሎጂ ተቋምም ተሠራለት። በ1858 ለሐኪሞች 20 ትምህርቶችን ሰጥቶ በመጽሐፍ አሳተማቸው። ዋና መልእክቱ ይህ ነበር፦ በሽታ ከላይ የሚወርድ መንፈስ ወይም በደም ውስጥ የሚዋልል መርዛማ ፈሳሽ ብቻ አይደለም፤ በሽታ ሥራው የተዛባ ህዋስ ነው። ዛሬ ከማህፀንዎ ወይም ከጡትዎ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ሲላክ፣ ሥራው የሚከናወነው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ማዮማ በማይክሮስኮፕ ሥር

ማዮማ አዲስ በሽታ አይደለም። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች የማህፀን ድንጋይ እያሉ ይገልጹት ነበር። በ1793 ማቲው ቤይሊ የተባለ የለንደን ሐኪም ቅርጹንና ጥንካሬውን በሚገባ ገለጸ። ከምን እንደተሠራ ግን አከራካሪ ሆኖ ቆየ።

ቪርኾ በ1850ዎቹ ይህን ጠንካራ ዕጢ ቆራርጦ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ እርስ በርሳቸው እንደተጠመዘዘ ክር የተጠላለፉ የጡንቻ ህዋሳትን አየ። ጡንቻዎቹ የማህፀን ግድግዳ ከተሠራበት ለስላሳ ጡንቻ ጋር አንድ ዓይነት ነበሩ፤ በመካከላቸው ደግሞ ጠንካራ አያያዥ ሥጋ ተዘርግቷል። ከ1863 እስከ 1867 ስለ ዕጢዎች ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ ውስጥ ስለ ማዮማ በሰፊው ጽፏል። ማዮማ ማለት የጡንቻ ዕጢ ማለት ነው። ሐኪምዎ ዛሬ በአማርኛ ሲያስረዳዎት የሚጠቀምበት ቃል ቪርኾ በዚያ መጽሐፍ የተጠቀመበት ያው ቃል ነው።

ይህ ግኝት ለአንዲት ሴት ምን ማለት እንደሆነ ልብ ይበሉ። በማህፀኗ ውስጥ ያለው ነገር ድንጋይ አይደለም፤ ያልተወለደ ልጅ አይደለም፤ ሰው ያደረገባት ነገርም አይደለም። ምጥ ሲመጣ ልጅን ከሚገፋው ከዚያው ጡንቻ የተወለደ፣ መጠኑን የዘነጋ ሥጋ ነው።

ያ ጡንቻ መጠኑን የዘነጋው ለምንድን ነው? ቪርኾ ዕጢዎች የሚነሱት አንድ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቆጠቆጥ ወይም ሲጎዳ ነው የሚል መላምት ነበረው። ይህ መላምት ስለ ማዮማ በቂ መልስ አልሰጠም። ጥያቄውም ሳይመለስ አለፈ።

የተሳሳተባቸው ነገሮች

ታላቅ ሐኪም የማይሳሳት ሐኪም ማለት አይደለም። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም በ1847 በቪየና ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውህድ ሲታጠቡ የወላዶች ሞት በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። ቪርኾ ይህን ሐሳብ በጊዜው አልደገፈውም። የእሱ ቃል ትልቅ ክብደት ስለነበረው የእሱ አለመደገፍ ለሐሳቡ መዘግየት አስተዋጽኦ አድርጓል፤ በመዘግየቱም ብዙ እናቶች ተጎድተዋል። በኋላ ጀርሞች የበሽታ መንስኤ መሆናቸው ሲታወቅም ለመቀበል አመነታ። በሽታን በህዋስና በኑሮ ሁኔታ ውስጥ ሲፈልግ የኖረ ሰው፣ ከውጭ የሚገባ ጥቃቅን ነፍሳት ዋናው ምክንያት ነው ሲባል መቀበል ከብዶት ነበር።

በ1887 ደግሞ የጀርመን አልጋ ወራሽ ፍሪድሪሽ ጉሮሮው ላይ ዕጢ ወጣበት። ቪርኾ በተላከለት ናሙና ላይ ካንሰር አላየም። አልጋ ወራሹ በ1888 ነግሦ ከ99 ቀናት በኋላ በጉሮሮ ካንሰር ሞተ። ናሙና የሚናገረው ስለተወሰደበት ቦታ ብቻ ነው። ዛሬም ቢሆን የናሙና ውጤትዎ ከምልክቶችዎ ጋር ካልተስማማ ምርመራው እንዲደገም መጠየቅ መብትዎ ነው።

የከተማዋ ሐኪም

ቪርኾ ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ አልተቀመጠም። ከ1859 ጀምሮ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የበርሊን ከተማ ምክር ቤት አባል ነበር። በፕሩሺያ ምክር ቤት ውስጥም ለረጅም ዓመታት የተቃዋሚው ወገን አባል ሆኖ ሠርቷል። የመንግሥትን በጀት አጥብቆ ስለተቃወመ ኃያሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢስማርክ በ1865 ለሞት ፍልሚያ ጠራው። ቪርኾ ጠቡ በመሣሪያ የሚፈታ እንዳልሆነ ቆጥሮ ጥሪውን አልተቀበለም።

በርሊን ያኔ ቆሻሻ ውሃዋ በየመንገዱ ቦይ የሚፈስባት ከተማ ነበረች። ቪርኾ በምክር ቤቱ ውስጥ አጥብቆ በመከራከሩ ከ1873 ጀምሮ የከርሰ ምድር የፍሳሽ መስመር መዘርጋት ተጀመረ፤ ንድፉን ያወጣው ጄምስ ሆብሬሽት የተባለው መሐንዲስ ነው። የከተማዋ አዳዲስ ሆስፒታሎች እንዲገነቡና ሥጋ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እንዲመረመርም ታግሏል።

በጀርመን ስለ ዘር ንጽህና የሚነገረው እየበረታ በሄደበት ጊዜ ደግሞ 6.7 ሚሊዮን የሚያህሉ ተማሪዎችን የዓይን፣ የፀጉርና የቆዳ ቀለም የመዘገበ ጥናት መራ። ውጤቱ ንጹህ የሚባል ዘር እንደሌለ የሚያሳይ ነበር።

በጃንዋሪ 1902 የ80 ዓመቱ ቪርኾ በበርሊን ላይፕዚገር ጎዳና ላይ ከኤሌክትሪክ ትራም ሲወርድ ወድቆ የጭን አጥንቱ ተሰበረ። አጥንቱ ቢያገግምም ኃይሉ አልተመለሰም። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1902 አረፈ። ከተማዋም በታላቅ ክብር ቀበረችው።

የቀረው ጥያቄ፦ አንዲት ህዋስ ለምን ትሳሳታለች?

ከቪርኾ ሞት በኋላ ጥያቄው ለ60 ዓመታት ያህል ቆይቶ በአዲስ መንገድ ተነሳ። እያንዳንዷ ሴት በህዋሶቿ ውስጥ ሁለት ኤክስ ክሮሞሶሞች አሏት፤ አንዱ ከእናቷ፣ ሌላው ከአባቷ የመጣ ነው። በ1961 ሜሪ ላዮን የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ ሴቷ ገና ፅንስ ሳለች እያንዳንዷ ህዋስ ከሁለቱ አንዱን እንደምትዘጋ ሐሳብ አቀረበች። የተዘጋው ክሮሞሶም አይጠፋም፤ በውስጡ ያለው ጽሑፍም አይቀየርም፤ እንዳይነበብ ብቻ ይታሸጋል። ከዚያች ህዋስ የሚወለዱ ሁሉ ያንኑ እሽግ ይወርሳሉ።

በ1965 ሊንደርና ጋርትለር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እሽግ እንደ ምልክት ተጠቅመው ማዮማን መረመሩ። የተጠቀሙት ጂ6ፒዲ የተባለውን ኢንዛይም ነው። ፕሪማኪን የተባለውን የወባ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት እጥረቱን የምንጠይቅበት ኢንዛይም ይኸው ነው። የዚህ ኢንዛይም መመሪያ ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ጂ6ፒዲ ባላቸው ሴቶች ጤናማ ማህፀን ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ተገኙ። በእያንዳንዱ ማዮማ ውስጥ ግን አንዱ ዓይነት ብቻ ነበር። ይህ ማለት እያንዳንዱ ማዮማ ከአንዲት ህዋስ የተወለደ ነው ማለት ነው። በአንድ ማህፀን ውስጥ አምስት ማዮማ ካለ ብዙውን ጊዜ አምስቱም በየራሳቸው የተነሱ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሰራጩ አይደሉም። ሁሉም ህዋስ ወላጅ አለው የሚለው የቪርኾ ትምህርት በራሱ በማዮማ ላይ ተመሰከረ።

ያ እሽግ ዛሬ ኤፒጄኔቲክስ የምንለው ነገር አንዱ ምሳሌ ነው። የጥንት የብራና መጽሐፍ አይተው ከሆነ በገጾቹ ጠርዝ ላይ የተሰፉ ባለቀለም ክሮችን ያስታውሳሉ። ክሩ የመጽሐፉን ቃል አይለውጥም፤ አንባቢው የት ጋ እንደሚገልጥ ብቻ ያሳያል። በሰውነታችን ውስጥ የጡንቻ፣ የጉበትና የአእምሮ ህዋስ የያዙት ያንኑ ዲኤንኤ ነው። የሚለያቸው የትኛው ገጽ ተከፍቶ የትኛው እንደተዘጋ ነው። ህዋሱ ይህን የሚያደርገው በዋናነት በሦስት መንገድ ነው፦

• በዲኤንኤው ላይ ሜታይል የተባለ ጥቃቅን ምልክት በመለጠፍ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ጂኑ እንዳይነበብ ያደርጋል።

• ዲኤንኤው የሚጠመጠምባቸውን ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች በማጥበቅ ወይም በማላላት።

• ከጂን የወጣውን መልእክት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በሚያስቆሙ አጫጭር አርኤንኤዎች።

የማዮማ ህዋሳት ጎናቸው ካለው ጤናማ የማህፀን ጡንቻ ጋር ሲነጻጸሩ እነዚህ ምልክቶች በብዙ ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ። መዘጋት የነበረበት ተከፍቷል፤ መከፈት የነበረበት ተዘግቷል። ለውጡ ከሚነካቸው ጂኖች መካከል ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉ የሴት ሆርሞኖችን የሚቀበሉና አያያዥ ሥጋን የሚያመርቱ ይገኙበታል። ስለዚህ ሌላው ጡንቻ በየወሩ ሆርሞኑን ሰምቶ ሲያርፍ፣ የማዮማው ህዋስ ማደጉን ይቀጥላል፤ በዙሪያውም ኮላጅን ያከማቻል። ማዮማ ሲነካ ጠንካራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሆርሞን የሚቀንስበት የማረጥ ዘመን ሲመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እየሟሸሸ ይሄዳል።

በጽሑፉ ላይ የሚደርስ ስህተትም አለ። በ2011 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው ማዮማዎች 70 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ ሜድ12 በተባለ ጂን ላይ ለውጥ አገኙ። ይህ ጂን ራሱ ሌሎች ጂኖች እንዴት እንደሚነበቡ ከሚቆጣጠሩት አንዱ ነው። በ2021 ደግሞ በአንዳንድ ማዮማዎች ውስጥ የተበላሹት ልዩ ዓይነት ሂስቶንን በቦታው የሚያስቀምጡ ጂኖች መሆናቸው ታወቀ። ስለዚህ የጽሑፉ ስህተትና የምልክቱ መዛባት ተያይዘው ይሠራሉ። እነዚህ የጂን ለውጦች የሚከሰቱት ሴቷ ካደገች በኋላ በራሷ በማህፀን ህዋስ ውስጥ ነው፤ በአብዛኛው ከወላጅ የሚወረሱ አይደሉም።

ኑሮስ ምልክቶቹን ይነካል? በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ገና በጨቅላነታቸው ኤስትሮጅን መሰል ኬሚካል የተሰጣቸውና በዘር ተጋላጭ የሆኑት ሲያድጉ ማዮማ በብዛት ወጥቶባቸዋል። ምልክቶቹ በልጅነት ተለውጠው ቆይተዋል ማለት ነው። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ደግሞ 50 ዓመት እስኪሞላቸው ማዮማ የሚገኝባቸው ነጭ ሴቶች 70 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ ናቸው፤ በጥቁር ሴቶች ላይም ቀደም ብሎ ይጀምራል። ከዚህ ልዩነት ውስጥ ምን ያህሉ ከዘር፣ ምን ያህሉ ከኑሮ እንደመጣ አሁንም እየተጠና ነው። የሳይሌዥያን መንደሮች ቤት ለቤት የዞረው ሰው በሕይወት ቢኖር ህዋሱንም ኑሮውንም አብሮ ይመረምር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ይህ ሁሉ ለእርስዎ ምን ማለት ነው?

ማዮማ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ብርድ አያመጣውም። የወሊድ መከላከያም አያመጣውም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ደሙን ለመቀነስ እንደ ሕክምና ይሰጣሉ።

ማዮማ ካንሰር አይደለም። ማዮማ መስሎ የሚታይ የማህፀን ጡንቻ ካንሰር አለ፤ ነገር ግን በጣም ጥቂት ሴቶች ላይ ነው የሚገኘው። ከማረጥ በኋላ የሚያድግ ዕጢ ወይም ከማረጥ በኋላ የሚመጣ ደም ግን ሳይዘገይ መመርመር አለበት።

ምልክት የማያሳይ ማዮማ ብዙ ጊዜ ክትትል ብቻ ይበቃዋል። ምልክት ካለ ደሙን የሚቀንሱ መድኃኒቶች፣ ሆርሞን ያለው የማህፀን ሉፕ፣ ዕጢውን ለጊዜው የሚያሟሽሹ መድኃኒቶች፣ ወደ ማዮማው የሚሄደውን የደም ሥር መዝጋት፣ ማዮማውን ብቻ ማውጣት ወይም ማህፀንን ማውጣት አማራጮች ናቸው። ምርጫው በዕድሜዎ፣ ልጅ መውለድ በመፈለግዎ፣ በማዮማው መጠንና በተቀመጠበት ቦታ ይወሰናል። ማዮማ ያለባቸው ብዙ ሴቶች አርግዘው ይወልዳሉ።

ኤፒጄኔቲክስን የሚያስተካክል ለማዮማ የተፈቀደ መድኃኒት ዛሬ የለም። የጂን ምልክትዎን እናጸዳለን እያሉ ሻይ፣ እንክብል ወይም ዱቄት የሚሸጡልዎት ሰዎች ቢያጋጥሙዎት ገንዘብዎን ይቆጥቡ።

የሚከተሉት ካሉብዎት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

• የወር አበባ ከ7 ቀናት በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ ወይም በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ሞዴስ እስከ መቀየር የሚያደርስ ከሆነ፤

• የረጋ ደም በብዛት የሚወርድ ከሆነ፤

• ድካም፣ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠንና ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ማጠር ካለ፤ እነዚህ የደም ማነስ ምልክቶች ናቸው፤

• ሆድ እያበጠ ከሄደ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ከመጣ ወይም አልወጣ ካለ፤

• እርግዝና ከዘገየ ወይም ተደጋጋሚ ውርጃ ካጋጠመ።

ደም በብዛት እየፈሰሰ ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በአፋጣኝ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ቪርኾ በሽታን ከምስጢርነት አውጥቶ በዓይን የሚታይ፣ ሊመረመር የሚችል ነገር አድርጎታል። እርስዎም ማዮማዎን ምስጢር አድርገው አይያዙት። የደም መጠንዎን ያስመርምሩ፤ የአልትራሳውንድ ውጤትዎን ይዘው ያልገባዎትን ሁሉ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ለእህትዎና ለልጅዎም ይንገሩ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት የቀረበ ሲሆን የሐኪም ምርመራን አይተካም።